ሰባኪውና ዳገቱ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ አጥቢያዎች ለስብከተ ወንጌል የሚወጣ መምህር፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ ዳገቱን ሲያያዘው፣ በልቡ የሚያወጣና የሚያወርደው ለምእመናኑ የሚናገረውን እንጂ ለራሱ የሚናገረውን አይደለም። ስለ ትሕትና ሊሰብክ ይሄዳል። ስለ ፍቅር ሊሰብክ ይሄዳል። ነገር ግን አመሻሹ ላይ ባላገሩ እግሩን አጥቦ፣ መደቡን ለቆ፣ ለልጆቹ ያሰባትን እንጀራ ሲያቀርብለት፣ ሰባኪው ማን፣ ተሰባኪው ማን እንደ ሆነ ግራ ይገባዋል፤ ይህችም ግራ መጋባት ከስብከቱ ትበልጣለች። እናንተም ዛሬ ሰው ልትመክሩ ትወጡ ይሆናል። መንገዱ ሳያልቅ፣ መካሪው ማን፣ ተመካሪው ማን እንደሚሆን ራሳችሁን ጠይቁ። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች ያደጉ ሊቃውንትማ ይህን ትሕትና በልጅነት ተምረውታል፤ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ሲቆሙ፣ ከሰው በፊት የሚቀበላቸው ውሻው ነበር።