ጸሎት በሥራ ገበታ ላይ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የዕለት እንጀራችንን የምናገኝበትን ሥራ በጸሎት ለእግዚአብሔር አገልግሎት ስለ ማድረግ ነው። «ሥራም እኮ ጸሎት ነው» ብዬ፣ እናንተም አጨብጭባችሁልኝ ብወርድ በቀለለኝ ነበር። ነገር ግን በዚህ አባባል አልስማማም። ሥራ ሥራ ነው፤ ጸሎትም ጸሎት ነው። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ታታሪ ሁሉ ጻድቅ በሆነ ነበር። የሚያከራክረው ሁለቱ በአንድ ሰው ቀን ውስጥ የት ላይ ይገናኛሉ የሚለው ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናን ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሠርታለች፦ ነግህ (ንጋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (ማምሻ)፣ ንዋም (መኝታ) እና መንፈቀ ሌሊት። በሌላው ዓለም ያለ ክርስቲያን ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ መውጣታቸውን ሲያነብ ሰዓቱን ማስላት ይጠበቅበታል። እኛ ስሌት አያስፈልገንም፤ ሐዋርያት ቀኑን የቆጠሩበት አቆጣጠር ዛሬም እጃችን ላይ እንደታሰረ ነው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ሊጸልይ የወጣበት 6 ሰዓት እኛ ለምሳ የምንወጣበት 6 ሰዓት ነው። ሠለስት ሲደርስ ባለጉዳይ በመስኮቱ ፊት ተሰልፏል። ተሰዓት ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ድካም ይጫጫነናል። ሠርክ ደግሞ ታክሲ የምንጋፋበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ከሰባቱ ጊዜያት ግማሽ ያህሉ የሚያገኘን ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጠረጴዛውን ጥለን እንሂድ? ይህን የሚያደርጉ አሉ። አንዲት እናት የይዞታ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከገጠር ሌሊት ተነሥተው መጥተዋል። መስኮቱ ላይ ሰው የለም። «ለጸሎት ወጥተዋል፣ ይመለሳሉ» ይባላሉ። ሰዓት ይሄዳል፤ የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ነው፤ «እንግዲህ ነገ ይመለሱ» ይባላሉ። ጸሎቱ ምን ያህል የረዘመና የጠለቀ እንደነበር አላውቅም። እኚህ እናት ወደ እግዚአብሔር ያሰሙት እሮሮ ግን ቀድሞት እንደሚደርስ እገምታለሁ።

የዳንኤልን ታሪክ በዚህ ዓይን ድጋሚ እንድታነቡት እጋብዛለሁ። ዳንኤል የመንግሥት ሹም ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ኢየሩሳሌም እየተመለከተ ይጸልይ ነበር። እኛ የምናስታውሰው ጸሎቱንና የአንበሶቹን ጉድጓድ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ግን እንዘለዋለን። ጠላቶቹ መጀመሪያ የመረመሩት ጸሎቱን ሳይሆን ሥራውን ነው፤ በዛሬ ቋንቋ ኦዲት አደረጉት። ጉድለት አጡ፤ ጉቦ አጡ፤ ቸልተኝነት አጡ። ወደ ጸሎቱ የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ያለ ከሳሽ ግን ጸሎታችን ድረስ መምጣት የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ገና መዝገቡን ሲገልጥ የሚበቃውን ያገኛል።

ነህምያ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳየናል። የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነው። ንጉሡ «ምን ትለምናለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ነህምያ ከመመለሱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ይጸልያል። መንበርከኪያ ቦታም ጊዜም የለም፤ ንጉሥ ፊት ቆሟል። በጥያቄና በመልስ መካከል ባለችው ትንፋሽ ጸለየ። ይህች አጭር ጸሎት ግን ከባዶ አልመጣችም። ከኢየሩሳሌም ክፉውን ወሬ ከሰማበት ቀን አንሥቶ አራት ወር ገደማ በጾምና በልቅሶ ቆይቷል። ያ ስንቅ ስለነበረው ነው ትንፋሽ ያህል የበቃችው። ነግህንና ንዋምን በቤቱ የዘነጋ ሰው 3 ሰዓት ላይ በወረፋ መካከል እጸልያለሁ ቢል ቃሉ አይመጣለትም።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ በቀርሜሎሳውያን ገዳም ሎራን የሚባል ወንድም ነበር። ቀድሞ ወታደር ነበርና ከጦርነት ያመጣው ቁስል አንካሳ አድርጎታል። ገዳሙ ወጥ ቤት መደበው። ወጥ ቤት በተፈጥሮው የሚጠላው ሥራ ነበር፤ ይህን ደብቆ አላለፈም። እዚያው ለብዙ ዓመታት ሠራ፤ በኋላም ጫማ ጠጋኝ ሆነ። ወይን ጠጅ ሊገዛ ወደ ቡርጎኝ ሲላክም የንግድ ነገር አይሆንለትም ነበርና «ጌታ ሆይ፣ ጉዳዩ ያንተ ነው» እያለ ሄዶ ገዝቶ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1691 ካረፈ በኋላ ደብዳቤዎቹና ጭውውቶቹ ተሰብስበው ታተሙ። በድስቶቹ ጫጫታ መካከልም በቅዱስ ቁርባን ፊት እንደተንበረከከ ያህል ከአምላኩ ጋር መሆንን ተለማምዶ ነበር። እዚህ ደረጃ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ አሳቡ እየሸሸበት፣ እየመለሰው፣ ዓመታት ታግሏል። ብዙ ሰባኪ ይህን ትግል ዘልሎ ፍሬውን ብቻ ይነግረናል፤ እኛም ሰኞ ሞክረን ማክሰኞ እንተወዋለን።

እኛ አገር ግን ከጸሎቱ በፊት የነበረ ሌላ እንቅፋት አለ። ሥራን ራሱን ንቀናል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራልንን «ጠይብ»፣ ሸክላ የምትሠራልንን «ቡዳ» ብለን ሰድበናል፤ በማረሻው አርሰን፣ በምጣዷ ጋግረን በልተናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ይህ አዋጅ ያስፈለገው ሕዝብ በየዕለቱ በአናጢ ቤት ላደገው ጌታ የሚሰግድ ሕዝብ ነው። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ወርቅና ብር፣ ናስና እንጨት እንዲሠራ ነው። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ሥራን አገልግሎት የሚያደርገው ጸሎት ስለ ራሳችን እድገትና ደመወዝ የምንጸልየው አይደለም፤ ፊታችን ስለቆመው ሰው የምንጸልየው ነው። ማታ ተረኛ የሆነችን ነርስ አስቡ። ግሉኮስ ልትቀይር ወደ አልጋው ትቀርባለች። ካርዱን ታነሣለች፤ ስሙን ታነብባለች። እዚያው በልቧ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ማረው» ትላለች። ማንም አያውቅባትም፤ ጊዜም አልወሰደባትም። ነገር ግን የጸለየችለትን ስም በደንብ ማንበብ ነበረባት። በደንብ ያነበበች ነርስ ደግሞ የጎረቤቱን መድኃኒት ለእሱ አትሰጥም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛም እንዲሁ ነው፤ የጸለየለት ሰው ፋይል «ጠፍቷል» ለማለት አንደበቱ ይከብደዋል። ጉቦማ እንዴት ብሎ ይጠይቀዋል?

የማይመቸውንም ወገን ልጥቀስ። በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን ዓርብም እሑድም የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን የላቸውም፤ በዚያች አገር አንድም የለምና። የጸሎት ቤታቸው የአሠሪያቸው ወጥ ቤት ነው። በዐቢይ ጾም ለሌላው ሥጋ እየጠበሱ እነሱ ይጾማሉ። ስለ እነሱ ስናወራ «ሥራቸውን አገልግሎት አድርገውታል» ብሎ ማድነቅ ይቀናናል። እኔ ይህን ለመናገር አልደፍርም። ፓስፖርቷ ለተወሰደባትና ደሞዟ ለታገደባት ልጅ ይህን ስብከት ይዞ መሄድ ግፍ ነው። ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ባሪያዎች ለጌታ እንደሚያደርጉ ሆነው እንዲሠሩ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ጌቶችን ያዛቸዋል፤ ለባሪያዎቻችሁ ቅንና እኩል የሆነውን ስጡ፣ እናንተም በሰማይ ጌታ አላችሁ ይላቸዋል። መድረክ ላይ የመጀመሪያው ሲነበብ ሁለተኛው ይረሳል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥም ቀጣሪ የሆናችሁ አላችሁ። ቢያንስ ቤታችሁ የምታግዛችሁ ልጅ አለች። የሐዋርያው ያዕቆብ መልእክት የተያዘ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮህ ይናገራል፤ ስለዚህ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ለእሷ ከመጸለያችሁ በፊት ክፈሏት። ሠርክ ላይ ለራሷ የምትጸልይበት ሩብ ሰዓትም ተዉላት። ጥያቄ ካላችሁ ጊዜ ተሰጥቶኛልና ለመስማት ዝግጁ ነኝ።