ምላሱ የታሰረ ሕፃንን ለሕክምና ስለ ማዘጋጀት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። ዛሬ ግን ድንኳን ከመተከሉ በፊት ሊደረግ ስለሚቻል ነገር እንድንናገር ስለ ፈቀዳችሁልን እናመሰግናለን።

እንደሚታወቀው ሕፃን ጡት አልይዝ ሲል፣ ወይም አፍ መፍታቱ ሲዘገይ፣ «ምላሱ ታስሯል» ይባላል። ከዚያ ወዲያ እንጥል ቆራጩ ምላጩን ይዞ ይመጣል። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት በጎንደር የቆየ ልማድ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሕፃን እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዶች ቆጥሮታል። ታዲያ ምላስ ሥር ሲገባስ ምላጩ ያው ምላጭ አይደለም ወይ? ከምላስ ሥር የደም ሥሮችና የምራቅ መውጫዎች አሉ። መድማቱ ቢቆም እንኳ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ በዚያው ምላጭ ሊገቡ ይችላሉ።

ለመሆኑ የምላስ መታሰር ምንድን ነው? ምላስን ከአፍ ወለል ጋር የምታያይዝ ስስ ሥጋ አለች። እርሷ ስታጥር ምላስ እንደ ልቡ አይዘረጋም። ሕፃኑ ጡት ይዞ ይለቃል፤ የእናቲቱ ጡት ጫፍ ይቆስላል፤ ክብደትም አይጨምርም። ይሁን እንጂ ሁሉም ይቆረጥ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በደንብ ጠብቶ የሚያድገው አያስፈልገውም፤ ለተቸገረውም ቢሆን መጀመሪያ የአጠባብ እርዳታ ይሰጣል። አፍ መፍታት የዘገየውን ልጅ ደግሞ አስቀድሞ ጆሮውን ማስመርመር ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና ዝግጅቱ እንዲህ ይሁን።

አንደኛ፣ የክትባት ካርዱን ይዞ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ባለሙያው ሲጠባ ይየው፤ ይመዝነው። ካስፈለገም በሪፈር ወረቀት ገንደ ውኃ ወዳለው የመተማ ሆስፒታል ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል።

ሁለተኛ፣ የልጁን ሕመም አለመደበቅ ነው። ቆላችን የወባና የካላዛር አገር ነው። ካላዛር ደም ያሳንሳል፤ ደም እንዳይረጋም ያደርጋል። ስለዚህ ትኩሳት ቆይቶበት እንደሆነ፣ ሆዱ በጣፊያ አብጦ ወይም ነስሮት እንደሆነ ከመቆረጡ በፊት ይነገር፤ ደሙም ይመርመር። ቤት የተወለደ ሕፃን ደግሞ የቫይታሚን ኬ መርፌ አልተወጋ ይሆናልና ይህም ይነገር።

ሦስተኛ፣ የምግብ ነገር ነው። ለጨቅላ ሕፃን ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተጠቅልሎ ይያዛል፣ በንጹሕ መቀስ ይለቀቃል፣ ወዲያው ጡት ይሰጠዋል። ከፍ ያለው ልጅ ግን በማደንዘዣ የሚተኛ ከሆነ እንደ ልማዱ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውኃ 2 ሰዓት ይከለከላል። ሐኪሙ የወሰነው ሰዓት ይከበር። «አንጀቴ አልቻለም» ብሎ ደብቆ ማጉረስ በሰመመን ውስጥ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል።

አራተኛ፣ ልጁን አለመዋሸት ነው። «ከረሜላ ልንገዛ ነው» ተብሎ የሄደ ልጅ ሁለተኛ አያምንም። «ካላረፍክ ሐኪሙ ይወጋሃል» እያሉ ማስፈራራትም ይቅር። «ሐኪሙ ምላስህን ያያል፤ ትንሽ ያምሃል፤ እኛ አጠገብህ ነን» ይበቃዋል።

ከተለቀቀ በኋላ ጥቂት ጠብታ ደም ይታያል። በቁስሉ ላይ የሚታየው ነጭ ነገርም መግል አይደለም፤ ቁስሉ እየዳነ ነው። ቅቤም፣ አመድም፣ ቅጠልም አይደረግበት። ደሙ አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ከተነሣ ወይም ጡት እንቢ ካለ በዚያው ሰዓት መመለስ ነው።

በመጨረሻ ለስብሰባው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ብዙ እናት እንጥል ቆራጩን የምትጠራው ደጇ ስላለና የጎንደር መሳፈሪያ ስለሌላት ነው። ለአንድ ቀብር ከምናወጣው ጥቂቱ ለታመመ ሕፃን መሳፈሪያ በብድር ይሰጥ ዘንድ እድራችን እንዲወስን እንጠይቃለን። ለሞተ ልጅ ሳንጣላ እናዋጣለን፤ በሕይወት ላለው ማዋጣት አይከብደንም።