ሌሊቱን የነዳው ማን ነው?

ከሞምባሳ ወደብ ኮንቴይነር የጫነ ከባድ መኪና ናይሮቢ ለመግባት 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የኬንያ የትራፊክ ሕግ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተሻሻለ ወዲህ፣ የጭነት መኪና ሹፌር በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል።

በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ መንገድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሹፌሩ መሀል ላይ ማረፍ አለበት። በምልልስ ለሚከፈለው ሰው ግን እረፍት ማለት የጎደለ ገቢ ነው፤ ባለንብረቱም «የት ደረስክ?» እያለ ይደውላል። ያኔ ብዕር ይነሳል፤ በመንጃ ሰዓት መዝገቡ ላይ ያልተተኛ እንቅልፍ እንደተተኛ ይመዘገባል።

ውሸቱን የሚያጋልጠው ሌላ ወረቀት ነው። በመዝገቡ ላይ «ተኝቻለሁ» ባለበት ሰዓት ማሪያካኒ ወይም ምሎሎንጎ ሚዛን ጣቢያ ላይ ከተመዘነ፣ ወይም ነዳጅ ከቀዳ፣ ደረሰኙ ይመሰክርበታል።

እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ለመግታት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ለአዳዲስ ከባድ መኪኖች ዲጂታል ታኮግራፍን (የመንጃና የእረፍት ሰዓትን በሹፌሩ ካርድ የሚመዘግብ መሣሪያ)፣ አሜሪካም በ2017 መጨረሻ ኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያን ግዴታ አድርገዋል። ያም ሆኖ በሌላ ሹፌር ካርድ እየነዱ የተያዙ አሉ።

የማይደረስበትን ሰዓት የሚቆርጠው ባለንብረት ከሹፌሩ እኩል መጠየቅ አለበት።