ስድስት ሚሊሜትር፦ በቢስክሌት እሽቅድምድም ፍጻሜ ስለ ጉልበትና ስለ ነፋስ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቢስክሌት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ስንት ቁም ነገር እያለ ስለ ሁለት ጎማ ልታስረዳን ነውን?» ሲል ሥቆብኛል። ወዳጄ ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስላየሁት መልሱን በ6 ሚሊሜትር እጀምራለሁ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2017 በቱር ደ ፍራንስ እሽቅድምድም ተወዳዳሪዎቹ ከትሯ ከተማ ተነሥተው 213 ኪሎሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ኑዊ ሳን ዦርዥ ወደምትባል የወይን አገር ደረሱ። ጀርመናዊው ማርሴል ኪተልና ኖርዌያዊው ኤድቫልድ ቧሰን ሃገን የፍጻሜውን መስመር አንድ ላይ ረገጡ። ማን እንደ ቀደመ በዓይን ለመለየት የሚቻል አልነበረም። ፎቶግራፉ ተመርምሮ ኪተል በ6 ሚሊሜትር እንደ ቀደመ ታወቀ። ይህም በጊዜ ሲቆጠር አንድ ሰከንድ ዐሥር ሺሕ ቦታ ተከፍሎ ሦስቱ እጅ ነው። አምስት ሰዓት ያህል የፈጀ ድካም የተፈረደው በዚህች ቅንጣት ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ስንሰማ ብዙዎቻችን «ጉልበተኛው አሸነፈ» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ለማስረዳት የምፈልገው፥ ፈረንጆች ስፕሪንት በሚሉት በዚህ የመጨረሻ ግስጋሴ የጉልበት ብዛት ብቻውን እምብዛም እንደማይፈርድ ነው። ዋናው ፈራጅ አየር ነው።

በመጀመሪያ ጉልበቱን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ከታወቁት ስፕሪንተሮች አንዱ በታላላቆቹ እሽቅድምድሞች ላይ ፔዳሉን ሲረግጥ የሚያወጣውን ኀይል መዝግቦ ነበር። ስፕሪንቱ የሚቆየው በአማካይ 13 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው በአማካይ 1020 ዋት ያህል ያወጣል፤ ከሁሉ የበረታበት ቅጽበት ደግሞ 1250 ዋት ይጠጋል። በፈረስ ጉልበት ብናሰላው አንድ ፈረስ ከሰባት ዐሥረኛ መሆኑ ነው። ይህ ለሰው ልጅ እጅግ ብዙ ነው። ለምጣድ ግን ምንም አይደለም፤ በቤታችን እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይበላልና፥ ሦስት የዓለም ስፕሪንተሮች ተጋግዘው ቢያሽከረክሩ እንኳ በወጉ ለማጋል አይበቁም። በ13 ሰከንድ ውስጥማ አንዲት እንጀራ አትወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ 1020 ዋት ካረፈ ሰው የወጣ አይደለም። ያው ጥናት እንደሚያሳየው ስፕሪንቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው አንድ ደቂቃ ሰውየው በአማካይ 490 ዋት ያህል ሲያወጣ ቆይቷል። ከእኛ መካከል ብርቱ የሆነው ተማሪ ይህን ያህል አንድ ደቂቃ ቢያወጣ ወዲያው ሣር ላይ ይዘረጋል፤ እነርሱ ግን ገና መጀመራቸው ነው።

እንግዲህ በሰዓት 65 ኪሎሜትር የሚበር ሰው ይህን ሁሉ ኀይል ምን ላይ ያጠፋዋል? ጎማው በአስፋልቱ ላይ ሲንከባለል የሚበላው 50 ወይም 60 ዋት ቢሆን ነው። የቀረው ከሞላ ጎደል አየሩን ገፍቶ መንገድ ለማግኘት ይጠፋል። የአየር ተቃውሞ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ያድጋል፤ ያን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኀይል ደግሞ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ያድጋል። የፊዚክስ መምህሮቻችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት ቀላል ይመስላል፤ ጭን ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ60 ወደ 66 ኪሎሜትር መድረስ የሚፈልግ ሰው ፍጥነቱን ከመቶ 10 ብቻ ለመጨመር ኀይሉን ከመቶ 33 መጨመር አለበት። በአንጻሩም ክረምት ከበጋ ለፍቶ ኀይሉን ከመቶ 3 ያሳደገ ሰው በፍጥነት የሚያገኘው ከመቶ 1 ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ሕግ ለአትሌት እጅግ ጨካኝ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ መልክን ማሳነስ፥ ሁለተኛው ከሰው ኋላ መሸሸግ።

ስለ መልክ ስንናገር፥ ሊቃውንት አንድ ሰው ለነፋሱ የሚያቀርበውን ስፋት ከቅርጹ ጋር አባዝተው በካሬ ሜትር ይለኩታል። በአውስትራልያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታወቀ ጥናት እንደሚለው፥ ከኮርቻው ብድግ ብሎ እንደ ልማዱ የሚሮጥ ሰው 0.37 ያህል ሲሆን፥ ብድግ ብሎ ሳለ ደረቱንና ራሱን ከመሪው በላይ ወደ ፊት አስግጎ እጅግ የሚጎነበስ ሰው ወደ 0.30 ይወርዳል። ይህን ወስደን በባሕር ጠረፍ አየር፥ በሰዓት 65 ኪሎሜትር ብናሰላው፥ የመጀመሪያው ሰው ለአየሩ ብቻ 1300 ዋት ያህል ይከፍላል፤ ሁለተኛው ግን 1060 ዋት። ልዩነቱ 240 ዋት ነው። በልምምድ ብቻ 240 ዋት የሚጨምር ስፕሪንተር እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አውስትራልያዊው ኬሌብ ዩዋን ቁመቱ አጭር ሆኖ ሳለ አፍንጫው የፊት ጎማውን ሊነካ እስኪደርስ እየተጎነበሰ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ፥ በ2020 ደግሞ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው በዚህ ዘዴ ነው። ብሪታንያዊው ማርክ ካቬንዲሽም እንደዚሁ። ኪተል ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፥ ክብደቱም ከ80 ኪሎ በላይ የሆነ ግዙፍ ሰው ሲሆን፥ ካቬንዲሽ ግን 70 ኪሎ የማይሞላ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2024 ሠላሳ አምስተኛውን የቱር ደ ፍራንስ የቀን ድል አግኝቶ የኤዲ መርክስን የ34 ድል ሬኮርድ ያለፈው እርሱ ነው።

ወደ መሸሸጉ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት 121 ቢስክሌተኞች ተጠጋግተው ሲጓዙ በኮምፒዩተርና ነፋስ በማሽን በሚነፍስበት ክፍል መርምሮ፥ በመካከል ተሸሽጎ የሚጓዘው ሰው የሚደርስበት የአየር ተቃውሞ ብቻውን ቢጓዝ ከሚደርስበት ከመቶ 5 እስከ 10 ብቻ ሆኖ አገኘው። አሸናፊው አምስት ሰዓት ሙሉ የት እንደ ነበረ አሁን ገባችሁ አይደለምን? በሰው ጥላ ውስጥ ነበረ። መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ጓዶቹ በሰልፍ ቀድመውት እየተራ ነፋሱን ይቀበሉለታል፤ አንዱ ሲደክም ወደ ጎን ይወጣል፥ ቀጣዩ ይቀጥላል፤ የመጨረሻው ጓድ ሩብ ኪሎሜትር እንኳ በማይሞላ ቦታ ላይ ለጌታው መንገዱን ይለቅለታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በፓሪስ ሻንዘሊዜ ጎዳና ላይ ማርክ ሬንሻው ካቬንዲሽን እንዲህ አድርሶት ካቬንዲሽ አንደኛ፥ ራሱ ሬንሻው ሁለተኛ ወጣ። መድረክ ላይ አበባ የተቀበለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጋዜጦች ስለ ጓዶቹ ብዙ አለመጻፋቸው ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

የጓድ ጥቅም ነፋስ መከለል ብቻ አይደለም። ከነቢስክሌቱ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፍጥነቱን ከ55 ወደ 65 ኪሎሜትር በ10 ሰከንድ ውስጥ ለማሳደግ፥ አየሩን ከመቃወም ሌላ 370 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቀድሞውኑ በ60 ተጉዞ ከሰው ጎማ ኋላ የሚወጣ ሰው ከፊሉን ዕዳ ሌላው ከፍሎለታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በደጋ ስለምንኖር ስለ እኛ ሰዎች ጥቂት ልበል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 ገረመው ደንቦባንና ጓደኞቹን ወደ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ልካ በቢስክሌት አወዳድራለች። በስፕሪንት ግን የክፍለ ዓለማችንን ስም ያስጠራው ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 በቱሪን ከተማ ሲያሸንፍ፥ በቱር ደ ፍራንስ የቀን ድል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፤ በዚያው እሽቅድምድም ሁለት ጊዜ ደግሞ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። አሥመራም እንደ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ፥ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፥ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቅድም 1060 ዋት ያስከፈለው ፍጥነት እዚህ 800 ዋት ያህል ብቻ ያስከፍላል፤ ያው 1060 ዋት ደግሞ ከ65 ወደ 71 ኪሎሜትር ያደርሳል። መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49 ኪሎሜትር ከ431 ሜትር የሮጠው ሜክሲኮ ከተማ ድረስ ሄዶ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። እርሱ በሳሳ አየር ሙሉ ሰዓት መተንፈስ ነበረበት፤ ዐሥር ሰከንድ ለሚሮጥ ስፕሪንተር ግን የትንፋሹ ጉዳይ እጅግ ያንሳል።

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል እገባለሁ። ድል የሚገኘው በመልክና በቦታ ከሆነ፥ ሰው የሚጋፋውም ስለ መልክና ስለ ቦታ ነው። ከትክክለኛው ጎማ ኋላ ያለችው ቦታ አንዲት ናት፤ ፈላጊዋ ዐሥር ነው። ቍልቍለት ሲጨመርበት ይብሳል፤ መንገዱ በ100 ሜትር 3 ሜትር ብቻ ቢወርድ፥ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ለሚሄድ 80 ኪሎ ክብደት ምድር 500 ዋት ያህል በነጻ ታበድረዋለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2020 በፖላንድ አገር በካቶቪትሰ ከተማ ቍልቍል በሚወርድ ፍጻሜ ላይ፥ ፍጥነታቸው ከ80 በላይ ሳለ፥ ሆላንዳዊው ዲላን ኽሩነቬኸን መሥመሩን ለቆ የአገሩን ልጅ ፋቢዮ ያኮብሰንን ወደ አጥሩ ገፋው። ያኮብሰን አጥሩን ሰብሮ ወደቀ፤ ሐኪሞችም በመድኀኒት አስተኝተው አቆዩት። ገፊው ዘጠኝ ወር ታገደ።

ዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ40 ሳንቲሜትር የጠበበ መሪ በጎዳና እሽቅድምድም እንዳይገባ ከልክሏል፤ ትከሻን ሰብስቦ ከነፋስ ለማምለጥ ሲባል መሪው ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ሄዶ ነበርና። እኔ ክልከላውን ባልነቅፍም ጉዳዩን በግማሽ ብቻ የያዘ ይመስለኛል፤ ደንቡ መልክን ሲቈጣጠር የቦታውን ግፊያ እንደ ነበረ ትቶታል። የአጥሩ አሠራርና ፍጻሜው የሚመረጥበት መንገድ ከመሪው ስፋት ይልቅ ብዙ ነፍስ ያድናሉ፤ ቍልቍለት ላይ ፍጻሜ የሚያደርግ አዘጋጅም ከገፊው እኩል ሊጠየቅ ይገባዋል እላለሁ። መምህሮቻችን በዚህ ካልተስማሙ ከንግግሩ በኋላ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ያኮብሰን ግን ወደ ቢስክሌቱ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2022 በዴንማርክ ኒቦርግ ላይ የቱር ደ ፍራንስን ስፕሪንት አሸነፈ። በማግሥቱ በሰነርቦርግ ከተማ ያሸነፈው ኽሩነቬኸን ነበር።