ሚዛኑ ራሱ ሲዛነፍ፦ የማጣቀሻ ጂን አመራረጥ በዕፅዋት በሽታ አምጪ ፈንገሶች ጥናት



የዛሬው ንግግሬ በጥናት ጽሑፎቻችን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚታለፍ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የማጣቀሻ ጂን አመራረጥ ነው።

በ2006 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ «ዲገሉ» የተሰኘውን ስንዴ ያጠቃውን የግንድ ዋግ በምሳሌነት ልውሰድ። ዋግ የሚያድገው በሕያው ተክል ውስጥ ስለሆነ፣ ከታመመ ቅጠል የምናወጣው አር.ኤን.ኤ. የስንዴውና የፈንገሱ ቅልቅል ነው። በበሽታው መጀመሪያ ቀናት የፈንገሱ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ማጣቀሻችን የስንዴ ጂን ከሆነ፣ «ይህ የፈንገስ ጂን ነቃ» ብለን የምንጽፈው የፈንገሱን መብዛት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማጣቀሻው ከፈንገሱ መሆን አለበት፤ ፕራይመሩም የስንዴውን ጂን እንደማያባዛ በጤነኛ ስንዴ ላይ ይፈተን።

ከፈንገሱ ጂኖችስ የትኛው ይሻላል? አክቲን ከሕዋስ ቅርጽና እድገት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ፈንገሱ ከስፖር ወደ ክር ሲለወጥ መጠኑ ሊለዋወጥ ይችላል። ጋፕዲኤች በስኳር መፍረስ ሂደት ስለሚሳተፍ የምግብ ምንጭ ሲቀየር ሊናወጥ ይችላል። ቤታ ቱቡሊን ደግሞ የቤንዚሚዳዞል ፀረ ፈንገሶች ዒላማ ስለሆነ፣ በእነዚህ መድኃኒቶች ሙከራ ውስጥ ገለልተኛ ዳኛ ነው ብሎ መነሣት አይቻልም።

ስህተቱም ቀላል አይደለም። የፒ.ሲ.አር. አንድ ዑደት የሁለት እጥፍ ልዩነት ነው። ማጣቀሻው በ3 ዑደት ቢዘገይ፣ ምንም ያልተለወጠ ጂን 8 እጥፍ የጨመረ ይመስላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። በርካታ እጩ ጂኖችን በራሳችን ናሙናዎች፣ በሁሉም የበሽታው ደረጃዎች እንለካ። በ2002 እ.ኤ.አ. የቀረበው ጂኖርም እጩዎቹን ጥንድ በጥንድ እያነጻጸረ በጽናታቸው ይደረድራቸዋል። ሆኖም አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ጂኖች ጽኑ መስለው ሊያታልሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ እጩዎቹ በሥራቸው የተለያዩ ይሁኑ። በመጨረሻም ቢያንስ ሁለቱን መርጠን ጂኦሜትሪያዊ አማካያቸውን እንጠቀም።

አንድን ጂን «ለበሽታው ወሳኝ ነው» ብለን ስናትም፣ ተከታዩ ተመራማሪ ዓመታቱን ያፈስበታል፤ ዝርያ አሻሻዩም ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማጣቀሻ ጂን ከሌላ ሰው ጽሑፍ የሚዋሱት ስም ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ሙከራ ዳግም የሚረጋገጥ መላምት ነው።