የአንዲት አስታማሚ ጥያቄ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የማኅበሩ ሊቀ መንበር ስለ ምርምር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፥ ከመካከላችሁ አንዱ «ነርስ ደግሞ ምን ትመራመራለች? ሥራዋ ዶክተሩ ያዘዘውን መስጠት አይደለም ወይ?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚሁ አስብ ነበርና። ዛሬ የምመልስለት በአንዲት ሴት የሥራ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የምጠራ መሆኔን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አኒ አልትሹል በ1919 ዓ.ም. በቪየና ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን የጀመሩት በሒሳብ ነበር። በ1938 ሂትለር አውስትሪያን በያዘ ጊዜ ግን ትምህርቱም አገሩም ቀረና ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ፤ በመጀመሪያም በሰው ቤት ልጅ በመጠበቅ ይተዳደሩ ነበር። ኋላ ነርስነትን ተማሩ። በጦርነቱ ዘመን የአእምሮ ሕሙማንን ማስታመም ጀመሩ፤ ከዚያም በለንደኑ የሞድስሊ ሆስፒታል ብዙ ዘመን ሠርተው የነርሶች አስተማሪ ለመሆን በቁ።

በዚያን ዘመን ስኪዞፍሬንያ ለተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ይሰጡ ከነበሩት ሕክምናዎች ዋነኛው የኢንሱሊን መርፌ ነበር። በሽተኛው እየተወጋ የደሙ ስኳር ይወርድና ራሱን ይስታል፤ ከዚያም ስኳር ተሰጥቶት ይነቃል። ይህ ለሳምንታት ይደጋገማል። ነገሩ ለሞት የሚያሰጋ ስለ ሆነ ነርሷ ካልጋው አጠገብ አትለይም፤ ትንፋሹን ትከታተላለች፥ ላቡን ትጠርጋለች፥ ሲነቃ ታበላዋለች፥ ታጫውተዋለች። በዚህ ሕክምና ብዙ ሰው ይድናል ይባል ነበር። በ1957 ግን አክነር የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። በሽተኞቹን በሁለት ወገን ከፍለው፥ ለአንደኛው ኢንሱሊን፥ ለሁለተኛው የእንቅልፍ መድኃኒት እየሰጡ ራሳቸውን እንዲስቱ አደረጉ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የውጤት ልዩነት አልተገኘም።

እንግዲህ የተሻለው በሽተኛ የተሻለው በምን ኖሯል? «እንክብካቤው ነዋ!» የሚሉ ተነሡ። ይህ ለነርሶች ትልቅ ምስጋና ነው። ነገር ግን «እንክብካቤ» የሚለው ቃል ውስጥ ምን እንዳለበት ከፍቶ ያየ ሰው ጥቂት ነበር። መድኃኒት በሚሊግራም ይለካል፤ አጠገብ መቀመጥ በምን ይለካል?

አኒ አልትሹል ወደ ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የሄዱት በ1964 ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1956 የነርስነት ትምህርት ክፍል በማቋቋም ከአውሮጳ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነበር። እዚያም ሳሉ በአእምሮ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ ነርስና በሽተኛ የሚገናኙበትን ሁኔታ አጠኑ። የትኛዋ ነርስ ከየትኛው በሽተኛ ጋራ ትነጋገራለች? ለምን ያህል ጊዜ? ለምንስ ከዚህኛው ጋራ ሆነ፥ ከዚያኛው ጋራ ሳይሆን ቀረ? ነርሶቹን ጠየቁ፤ በሽተኞቹንም ጠየቁ።

መልሱ ለሙያው የሚያኮራ አልነበረም። ነርሶቹ ከበሽተኛ ጋራ ሲነጋገሩ የሚመሩበት የታወቀ የሕክምና ሐሳብ አልተገኘባቸውም፤ የሚሠሩት በደግነትና ማንም ሰው ባለው ማስተዋል ነበር። በሽተኞቹ በበኩላቸው ከነርሶቹ ጋራ መነጋገሩ እንደ ረዳቸው ተናገሩ። ሥራው ይጠቅማል፤ ሠሪዎቹ ግን እንዴት እንደሚጠቅም መናገር አልቻሉም። አልትሹል ይህን ሁሉ በ1972 በመጽሐፍ አወጡት። ስለ ራስ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ማሳተም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሐኪሞቹ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ እኛ ነርሶች በተቈጣን ነበር። በእኔ አስተያየት የነርስ ምርምር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ይህን መጽሐፍ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለልምምድ ተመድቤ ሳለሁ ለወራት ቃል ያልተነፈሱ አንዲት እናት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ እሄድና እኔም ዝም ብዬ ካጠገባቸው እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ኃላፊዋ ሲስተር «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በመዝገቡም ላይ «ሥራ ፈትታ ተቀምጣ ተገኘች» ተብሎ ተጻፈብኝ። በወቅቱ አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ሲስተሯ የጠየቁኝ የአልትሹልን ጥያቄ ነው፤ ጥፋቱ መልሱን ሳይጠብቁ መጻፋቸው፥ የእኔም መልስ ሳላዘጋጅ መቀመጤ ነበር።

አልትሹል በ1976 ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1983 ጡረታ ወጡ። እሳቸው ራሳቸውም ድባቴ በሚባለው ሕመም ታመው ነበር። በ1985 የሙያው ሰዎች የገዛ ራሳቸውን ሕመም በተረኩበት መጽሐፍ ውስጥ ስማቸውን ሳይደብቁ ጻፉ። ያረፉት በ2001 ነው።

«ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው» የሚል እንዳይኖር የአገራችንንም ላንሣ። በቡታጅራ ከ1998 ጀምሮ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎችን መረመሩ። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዐሥር ዓመት ሲከታተሏቸው ደግሞ፥ የሞቱት ከዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው የተቀጩ መሆናቸው ታወቀ።

በ2022 ከዚያው ከጉራጌ አገር ሌላ ጥናት ወጣ። 329 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ እኩሌቶቹ ሠልጥነው በተመለሱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፥ እኩሌቶቹ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ታከሙ። ከዓመት በኋላ የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሆስፒታሉ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ በሌላ አገር ቢሆን ንጽጽሩ ከስፔሻሊስት ዶክተር ጋራ በሆነ ነበር። በእኛ አገር ግን ስፔሻሊስቱ ራሱ ነርስ ነው።

እንግዲህ ያ ነርስ መድኃኒቱን ሲያቀብል ምን ይላል? ልጃቸውን በገመድ አስረው ላመጡት አባት ምን ብሎ ይመልሳል? ለማን ወንበር ይስባል፥ ማንን ቆሞ ያናግራል? በእኔ እምነት ይህን ከውስጥ ሆኖ ሊጽፍ የሚችለው ራሱ ሠራተኛው ነው።

በክረምቱ ወደ ጤና ጣቢያ ለልምምድ የምትሄዱ አላችሁ። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ይበቃል። ከአንድ በሽተኛ ጋራ ከአምስት ደቂቃ በላይ በቈያችሁ ቍጥር፥ ስሙን ሳትጽፉ፥ ለምን ከሱ ጋራ እንደ ቈያችሁና ምን እንደ ተባባላችሁ ጻፉ። ያላናገራችሁትንም በሽተኛ ጻፉ። በመስከረም ስትመለሱ ዘወትር ዐርብ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እጠብቃችኋለሁ፤ መጀመሪያ የምናነበው የእኔን ደብተር ነው።