የሞተር ሠሪና የመኪና ሠሪ ሽርክና



መኪና ሠሪና ሞተር ሠሪ ለእሽቅድምድም ሲጣመሩ ውሉ የሚፈተነው በፊርማው ሳይሆን በሥራው ነው። ለዚህም የእንግሊዙ ማክላረንና የጃፓኑ ሆንዳ ታሪክ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በፎርሙላ ዋን ከተካሄዱት 16 ውድድሮች 15ቱን አብረው አሸነፉ፤ በ1992 መጨረሻም ሆንዳ ከውድድሩ ወጣ።

በ2015 እንደገና ሲጣመሩ ግን ስሙ እንጂ ድሉ አልተመለሰም። ማክላረን የመኪናው የኋላ ክፍል ለነፋስ እንዲመች እጅግ ጠባብ ይሁን አለ፤ ሆንዳም አየር የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር አሳንሶ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ለማስገባት ተገደደ። ሞተሩ ኃይል አነሰው፤ ደጋግሞም ተበላሸ። በ2017 ማብቂያ ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ በ2021 ማክስ ቨርስታፐን የሆንዳ ሞተር በተገጠመለት የሬድ ቡል መኪና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ማክላረንም በ2024 በመርሴዲስ ሞተር የቡድኖችን ሻምፒዮና አገኘ። ሁለቱ ተለያይተው ማሸነፋቸው፣ የጎደለው ዕውቀት ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል፤ አንዱ ለሌላው የሚተወው ቦታ ገና ከንድፉ ጀምሮ በሚገባ ሊመከርበት ይገባ ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የሚያብረው ግን ከፈትሉ ጀምሮ ሲታሰብበት ነው።